የአባቴ አንጀት

ሰኞ
አባቴ አይሆንም አለ። ዶክተሯ እያስረዳችው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔን በቢላ የሚነካኝ የለም። የሻረግ፣ አገሬ መልሺኝ» አለኝ።
ባለፈው ሳምንት ትልቁ አንጀቱ ተጠምዝዞ፣ ሆዱ ከበሮ መስሎ ነው ከመካነ ብርሃን ጎንደር ሆስፒታል ያመጡት። ከበታች ቱቦ አስገብተው ፈቱለት፤ አሁን ድኛለሁ ባይ ነው። ዶክተሯ ግን የረዘመው አንጀት ካልተቆረጠ ተመልሶ ይጠመዘዛል ትላለች። ያኔ ጎንደር ሳይደርስ... መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ
ፍርሃቱ ይገባኛል። አጎቴ በዚሁ በሽታ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ ነበር። ተረፈ፤ ግን ቁስሉ አመርቅዞ ከዚያ ወዲህ እርፍ አልጨበጠም።
ዛሬ ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የደባርቅ ልጅ ናት። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብታ፣ በቴሌቪዥን እያየች እንደምትሠራ፣ የተቆረጠውን ለማውጣት ብቻ ትንሽ እንደምትቀድ ነገረችው።
«ካልተመቸኝ ግን እከፍታለሁ፣ አያ ደረሰ። አልዋሽዎትም።»
ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «አርሳለሁ?»
«ክረምት ሳይገባ።»
«እንግዲያ ሸጋ።»
እፎይ!

ረቡዕ
ነገ ነው። አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ሲያመላልሰው ዋለ። ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ሄጄ ልብስ ቀየርኩ፤ የማስተምርበትን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጠሁ። ደም የሚሰጥም ተገኘ።

ሐሙስ
የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ እጄን ይዞ፣ «ካልወጣሁ በሬዎቹን እንዳትሸጡ» አለኝ። ምን ዓይነት ስንብት ነው!
ነርስ በወጣች ቁጥር ብድግ እላለሁ። «እየተሠራ ነው» ብለው ያልፋሉ። በመጨረሻ ዶክተሯ ራሷ መጣች።
«አልከፈትኩትም» አለች።
አለቀስኩ።

አርብ
ደግፈነው እስከ መስኮቱ ሄደ። ሆዱ ላይ ያለው ፕላስተር ብቻ ነው። «ይቺው ናት?» ይላል።
ግን አንጀቱ መሥራቱ የሚታወቀው ፈስ ሲወጣ ነው። ነርሷ በመጣች ቁጥር «ወጣ?» ትለዋለች። አባቴ በልጅ አፍ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም፤ ኮርኒሱን ያያል። ሆዱ ነፋ ብሏል። የተሰፋው አንጀት ቢያፈስስ?

ቅዳሜ
ጠዋት አስመለሰው። ዶክተሯ ሆዱን ዳሰሰችና «ደህና ነው፤ አራምጂው» አለችኝ።
ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ይዤው ስንመላለስ ድንገት ቀጥ አለ።
«ምነው አባዬ፣ አመመህ?»
ከዚያ ሰማሁት። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ባላቸውን የሚያስታምሙት እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ነርሷ አጨበጨበች። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰ መስሎኝ ገለጥ ሳደርገው፣ ለካ እየሳቀ ነው።
ማምሻውን አጥሚት ጠጣ። እስካሁን አላስመለሰውም። ያንኮራፋል። እኔም ርቦኛል።