ስለ ዶክተር ሰርካለም ዓለምብርሃን ዕረፍትና ስለ ዳማው ፈረስ ከማህበራችን የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የዳሞት የጋማ ከብት ባህርይና ደህንነት ማህበር የጥናት ክፍል ኃላፊ የነበሩትን ዶክተር ሰርካለም ዓለምብርሃንን በሞት ማጣቱን ለአባላቱ፣ ለባለጋሪዎችና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ዶክተር ሰርካለም ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ቡሬ አቅራቢያ በደረሰባቸው አደጋ በማግስቱ አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በፍኖተ ሰላም ተፈጽሟል።

ዶክተር ሰርካለም በ1977 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ አካባቢ ተወለዱ። በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው በፈረስ ባህርይ ላይ ከፍተኛ ትምህርት ተከታትለዋል።

በ2009 ዓ.ም. ማህበራችንን ሲቀላቀሉ ሥራቸውን የጀመሩት ቡሬ እህል ገበያ ነው። ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉ ተብለው የሚደበደቡ የጋሪ ፈረሶችን አፍ እየከፈቱ ሲያዩ ብዙዎቹ በሽቦ ልጓም ምላሳቸው ቆስሎ አገኙ። ሽቦው ሲቀየርና ቁስሉ ሲታከም አብዛኞቹ ንክሻውን እንደተዉ በጥናታቸው አሳይተዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባለጋሪዎችን አሠለጠኑ። ልጓሙ ተስቦ ፈረሱ ሲቆም ወዲያው ካልተለቀቀለት ምን እንደተጠየቀ እንደማይገባው በየገበያው እየቆሙ አስተማሩ። መጀመሪያ የሳቁባቸው፣ በኋላ ፈረሳቸውን እየሳቡ ቢሯቸው ድረስ መጥተዋል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ፈረሶች በተኩስ ድምፅ እየደነበሩ ጉዳት ሲበዛ፣ ድንጉጥ ፈረሶችን ቀስ በቀስ ከድምፅ ጋር ማላመድ ጀምረው ነበር። ይህ ጥናት አላለቀም።

ስለ አደጋው ልዩ ልዩ ወሬ ስለሚናፈስ ማህበሩ አጣርቶ የደረሰበትን ያስታውቃል። በዕለቱ መንገድ ተዘግቶ መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። ዶክተር ሰርካለም ለሥራ በሄዱበት ቀበሌ ወይዘሮ እህተ ማርያም የተባሉ ነፍሰ ጡር ምጥ ጸናባቸው። የተገኘው የአቶ ያረጋል ጋሪ ብቻ ሲሆን፣ ፈረሱም ገና በመላመድ ላይ ያለ ድንጉጥ ዳማ ነበር። አቶ ያረጋል «ይኼን ፈረስ አላምነውም» ብለው ነበር። እንሂድ ያሉት ዶክተር ሰርካለም ናቸው።

ቡሬ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ተኩስ ተሰማ። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ገደሉ ዳር ማፈግፈግ ያዘ። አቶ ያረጋል አለንጋቸውን ሲያነሡ ዶክተር ሰርካለም ዘለው ወርደው ልጓሙን ጨበጡ። «አትምታው! እሷን አውርድ!» አሉ። ወይዘሮ እህተ ማርያም እስኪወርዱ ድረስ ፈረሱን ይዘው ቆዩ። ተኩሱ ሲደገም ግን ጋሪው ተንሸራትቶ ተገለበጠ፤ እርሳቸውም ከሥሩ ቀሩ። ወይዘሮ እህተ ማርያም በዚያው ዕለት ሴት ልጅ በሰላም ተገላግለዋል።

ከዚያ ወዲህ ፈረሱ ይገደል የሚል ቁጣ ተነሥቷል። የአቶ ያረጋል ቤትም በድንጋይ ተደብድቧል። ዶክተር ሰርካለም ሆስፒታል ሳሉ ለባልደረባቸው ለአቶ ክንፈሚካኤል የተናገሩት ግን «ፈረሱን እንዳትነኩት፤ ፈርቶ ነው። ያረጋልንም አደራ» የሚል ነበር። በመሆኑም ፈረሱ ከዛሬ ጀምሮ በማህበሩ ግቢ ይጠበቃል። ማንም ሰው በፈረሱም ሆነ በባለቤቱ ላይ እጁን እንዳያነሣ ማህበሩ አጥብቆ ያሳስባል።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ለባለቤታቸው ለአቶ ድረስ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

አቶ ያረጋል በቀብሩ ዕለት ሰው ፈርተው ከቤታቸው አልወጡም። ሐዘኑ የእርሳቸውም ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማህበሩ አባላት በሙሉ ቤታቸው ሄደን ለቅሶ እንደርሳቸዋለን።