ሟቹ አባቴ እንዴት ወረሰኝ?

ለተከበሩ የውርስ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ማኅተምዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከሞትኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በመስኮትዎ ሟች ስለማይስተናገድ ነው።

እንደሚያውቁት ሰዓት ሠሪው አባቴ ሲያርፍ፣ ብቸኛ ልጁ ነኝና የወራሽነት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። አሥራ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በአንድ ዓይኔ ማጉያ መነጽር ሰክቼ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ብሎኖች ስፈታ አድጌአለሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ጸሐፊዎ በሟች መስመር ላይ የእኔን፣ በወራሽ መስመር ላይ የአባቴን ስም ስለጻፉ፣ በክብ ማኅተም የተረጋገጠ ሞቴን በእጄ ፈርሜ ተረክቤአለሁ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሟቿ ማርዳት ግን የእርስዎ ቤት ፈጠራ ነው።

2ኛ. ይታረምልኝ ስል፣ እርማት የሚጠይቀው ወራሹ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም በአካል መቅረብ እንዳለበት በትሕትና ተነገረኝ። ወራሹ የተቀበረ መሆኑን ባስረዳ፣ ጸሐፊዋ ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ፣ ካልተመቻቸው ውክልና ይላኩ አሉኝ። አባቴ በዕድሜው ቀጠሮ አሳልፎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3ኛ. ሦስት ምስክር አምጪ ተብዬ አመጣሁ። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን፣ የአክስቴ ባልና የሱቃችን አከራይ፣ እኔን በጣታቸው እያሳዩ በሕይወት አለች ብለው ማሉ። ጽሕፈት ቤትዎም ሦስቱ ሰዎች ሟችን በቅርብ እንደሚያውቋት አረጋግጦ መዘገበ።

4ኛ. ይህን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እንቢ አለኝ። ሱቁን አሽገው፣ ወራሹ እስኪቀርብ ቁልፉን ለአጎቴ በአደራ ሰጡ፤ ከሰዓት ጋር ያለው ዝምድና ማርፈድ ብቻ ለሆነ ሰው። እሱም ለአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ገዥ አግኝቷል፤ ብለምነው፣ ሟች በንግድ ምን አገባት ብሎ አሾፈብኝ። የዚያ ጠረጴዛ ጠርዝ የአባቴ ክንድ ያርፍበት በነበረው በኩል ተበልቶ ጎድጉዷል። ከጎኑ የእኔ ክንድ ቦታ ገና መጎድጎድ መጀመሩ ነበር።

ስለዚህ መዝገብዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በመጨረሻም የደበቁልኝን ስጦታ አገኘሁ። ሟች አይከሰስም። ዛሬ ጠዋት፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ እሽጉን ቀድጄ በአባቴ ትርፍ ቁልፍ ሱቁን ከፈትኩ። ይህንንም የምጽፍልዎ ክንዴን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ ነው። ሊከሱኝ ቢወዱ መብትዎ ነው፤ ክሱ እንዲጸና ግን አስቀድመው በሕይወት መኖሬን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በክብ ማኅተም ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ሁለት ወር ሙሉ ደጅ የጠናሁት ለዚያችው ወረቀት ነው።

ለሥራዎ ጥራት ያለኝን አድናቆት ከወዲያኛው ዓለም እየገለጽኩ፣ በትእዛዝዎ መሠረት በሰላም ያረፍኩት፣

የሰዓት ሠሪው ልጅ

ማስታወሻ፦ አባቴ ዘንድ ያስቀመጡት የእጅ ሰዓትዎ በመሳቢያው ውስጥ ተገኝቷል፤ ጠግኜዋለሁ፣ ሰከንድ አያዛንፍም። የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዱ ሦስት ምስክሮች ይዘው በአካል ይቅረቡ። ስብሰባ ላይ ከሆንኩ ነገ ይመለሱ።