ልጄ ስታነብ በመያዟ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት እጅ ሳይነካው፣ ጥጉ ሳይታጠፍ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ ሦስት ልጆቼን በእርስዎ ሥር የማስተምር እናት ነኝ። ትንሹ አጸደ ሕፃናት፣ መካከለኛዋ አምስተኛ ክፍል፣ ትልቁ አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ በመካከለኛዋ እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ልጅዎ በክቡራን እንግዶች ፊት መጽሐፍ አልዘጋም በማለቷ፣ ወላጅ በጽሑፍ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ክፍል አትገባም» ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ልጅ ተደባድባ ወይም መስኮት ሰብራ ወላጅ ሲጠራ አውቃለሁ፤ አንብባ ሲጠራ ግን ለእኔም ለጎረቤቶቼም እንግዳ ነገር ሆነብን። ያም ሆኖ የታዘዝኩትን ልፈጽም ተቀምጫለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ በተራ ቁጥር እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. የመጀመሪያው ጥፋት የትንሹ ልጄ ነው። ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁር ሲሆን ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን አፉን የሰፉት ይመስል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልወጣውም፤ መምህርቱም «ይሰማል ወይ?» ብላ እስከመጠየቅ ደርሳ ነበር። በዚያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ልጆቹ «እትዬ ገጽ» የሚሏት ሴት፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣው የሥዕል መጽሐፍ ትገልጥለት ጀመር። አንድ ቀን የአህያ ሥዕል እያሳየች «ይህቺ ፍየል ናት» አለችው። ሥዕሉ ላይ አፈጠጠ። ቀጠለችና «ይህቺ ፍየል ሣር ትበላለች» አለች። ልጄ ይህን ስሕተት ተሸክሞ መኖር አልቻለም፤ «አህያ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለበትን ሰዓት እኛም አላየንም።

2ኛ. ሁለተኛው የመካከለኛዋ ነው። ይህች ልጅ ጮክ ብላ ስታነብ ትንተባተብ ስለ ነበር ክፍሉ ይስቅባት ነበር። እትዬ ገጽ በየሳምንቱ ቀጭን መጽሐፍ ትሰጣታለች፤ በአጥር በኩል ስታያት እንኳ ሰላምታዋ «ስንተኛ ገጽ ደረስሽ?» ነው። ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። መጽሐፉ እየወፈረ፣ የልጄም ምላስ እየተፈታ ሄደ። ለትልቁ ደግሞ አንድን ጥያቄ በሦስት መጽሐፍ ፈልጎ ማመሳከርን አስተማረችው፤ ዛሬ በቤታችን ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚቀበለኝ አንድ ትእዛዝ የለም። ይህን ሁሉ ጥፋት ስታደርስ እርስዎ በትዕግሥት ማለፍዎን አደንቃለሁ።

3ኛ. ትዕግሥትዎ ያለቀው አዲሶቹ መጻሕፍት በካርቶን የመጡ ዕለት ነው። መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ተሠራላቸው፤ ምንጣፉ ተጠቀለለ፤ የትንንሾቹ ወንበሮች ወጥተው ለእንግዳ የሚሆን ሶፋ ገባ። እትዬ ገጽም በሩ ላይ ቆማ ያረፈደ ተማሪ እንድትመዘግብ ተመደበች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ እርሷ ግን ምን እንደ በላች እስካሁን አልገባኝም። ሁለት ጊዜ ላነጋግርዎ መጥቼ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ መለሰችኝ። በሦስተኛው ደረጃው ላይ አገኘሁዎትና «እመቤት፣ መጽሐፍ እኮ ንብረት ነው፤ ልጅ እጅ ከገባ ያልቃል» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወረድኩ። መልሱ የመጣልኝ መንገድ ተሻግሬ ሱቄ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ሳሙናም እጅ ሲገባ ያልቃል፣ የሚገዛው ግን ለዚሁ ነው። ዘግይቶ በመድረሱ ይቅርታ።

4ኛ. ቤተ መጻሕፍቱ ሲቆለፍ ልጄ ከአዲሶቹ መጻሕፍት አንድ ታሪክ ጀምራ ነበር። ታናሽ ወንድሟን ልታወጣ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ወረደች ልጅ ነው። አምስት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ ከጉድጓድ አልወጣችም፤ እኛም ከእርሷ ጋር አልወጣንም። እራት ላይ «እማዬ፣ ገመዱ ይበጠስ ይሆን?» ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ!

መጻሕፍቱን የለገሱት እንግዶች በመጡ ቀን የደንብ ልብሳቸው ንጹሕ የሆነ ሃያ ልጆች ተመረጡ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናትና ልጄም ገባች። ምክትልዎ «መጽሐፉን ገልጣችሁ ያዙ፤ ገጽ እንዳትገልጡ፣ ፎቶው ይበላሻል» ብለው አዘዙ። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ መጻሕፍቱ ሲታደሉ ልጄ የጉድጓዱን ታሪክ አየችና ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። ከዚያም የታዘዘችውን ረስታ ገጽ ገለጠች።

ፎቶው አለቀ፤ «ዝጉ» ተባለ። አሥራ ዘጠኙ ዘጉ። የእኔዋ «አራት ገጽ ብቻ ቀረኝ» አለች። ከእንግዶቹ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው «ጎበዝ! ሁልጊዜ እዚህ ታነቢያለሽ?» አሏት። ልጄም ለትልቅ ሰው እውነት ይነገራል ብለን አሳድገናታልና «አይ፣ ከተዘጋ አምስት ወሩ ነው» አለች። ምክትልዎ መጽሐፉን ከእጇ ወሰዱት። ደብዳቤዎ ይህን ጥያቄና መልስ ሳይጠቅስ ማለፉ ከትሕትናዎ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ልጄ አልቅሳ መጣች። ያለቀሰችው ስለተባረረች አልነበረም፤ ስለ አራቱ ገጾች ነው። በማግሥቱ እትዬ ገጽ በምሳ ሰዓቷ ሱቄ ገባች። ልጄ «ያቺ ልጅ ከጉድጓዱ ትወጣለች? ይንገሩኝ» ብላ ቀሚሷን ያዘቻት። እትዬ ገጽ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን «አልነግርሽም። ራስሽ ታነቢዋለሽ» አለች። ከዚያ ከቤቷ ያመጣቻቸውን መጻሕፍት ከከረጢቷ አውጥታ የልብስ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ጨርቄ ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር፤ ትልቁ ልጄ ለትንንሾቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እኔ መቀሴን ፈልጌ አጣሁ። ደንበኛዬ የልጇን ሱሪ ልትወስድ መጥታ ልጇን ራሱን አገኘችው።

እንግዲህ ይቅርታዬ ይኸው፦ ልጄ ማንበብ ስለ ቻለች ይቅርታ። እውነት ስለ ተናገረች ይቅርታ። እኔም አምስት ወር ሙሉ ደረጃ እየወረድኩ ዝም ስላልኩ፣ ይህኛውን ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ፣ ይቅርታ። ሰኞ ጠዋት ልጄን እጇን ይዤ እመጣለሁ። ብቻዬን እንዳይመስልዎ፤ ከፊርማዬ በታች የፈረሙት ሠላሳ አንድ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁላችንም የምንቆመው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም እስኪወጡ እንጠብቃለን፤ የሚነበብ ይዘን እንመጣለን።

ጊዜዎን ለማባከን ከደፈረች፣ ውለታዎን ግን ከማትረሳ፣
ትሑት አገልጋይዎ፣ የሦስቱ ልጆች እናት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ፤
ልጄን ለጠየቋት እንግዳ ሴትዮ፣ አድራሻቸውን ለሚያውቅ ሁሉ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩ ላይ ያሠሩት አዲሱ የነሐስ ሰሌዳ «ቤተ መጽሐፍ» ይላል፤ የአንድ መጽሐፍ ቤት ማለት ነው። ትልቁ ልጄ «ቤተ መጻሕፍት መባል ነበረበት» ቢለኝ፣ ርዕሰ መምህር አይሳሳቱምና መዝገበ ቃላት ሳናይ አንፍረድ ብዬ ገሠጽኩት። መዝገበ ቃላቱ ግን ያለው ከሰሌዳው ጀርባ ነው፤ ቁልፉም እርስዎ ኪስ ውስጥ።