«ያዢልኝ» ስትለኝ ለያዝሁት እግር

ደምሴ፣ ጥፋቱ የአንተ ነው።

ሌላ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። አፈር ከለበስህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ያን ሁሉ ጊዜ ነፍሱን ይማር ስል ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን ይህን ሳልነግርህ እንድታርፍ አልፈልግም። በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ኖርሁ። አሁን አንተ እልሃለሁ፤ ቅር ካለህም ቅር ይበልህ።

የቤቱን ልንገርህ። የደሴውን ቤት ዘግቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ተስፋዬ ዘንድ ገብቻለሁ። ልጅህ ደረቅ ወደቡ ላይ ሥራ ይዟል። ሚስቱ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ልጃቸውን ብሌንን የማውላት እኔ ነኝ። አንተ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት አልፏታል። የዚህ አገር ሙቀት አልተስማማኝም። የእሷ ነገር ነው የያዘኝ።

ሌላው አዲስ ነገር ደግሞ ማንበብና መጻፍ መቻሌ ነው። አትሳቅ። ያስተማረችኝ ብሌን ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ፣ «እማማ፣ ይቺ ማን ናት?» ትለኛለች። «ለ» ስላት በሳቅ ትፈርሳለች። «ኧረ ቀንድ አላት እኮ! ቀንድ ያላት ሰ ናት!» መቶ ጊዜ ተሳስቻለሁ። መቶ ጊዜ «እንደገና» አለችኝ እንጂ አንድ ቀን ጆሮዬን አልቆነጠጠችም። ግን ተማርሁ።

በስተርጅና ፊደል የፈለግሁት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንተን ውሸታም ላደርግህ ነው። ተስፋዬን ልትገርፍ ስትል መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሱን ትከፍት ነበር። ልጁን በበትር የማይመታ አባት ልጁን ይጠላል የሚለውን ቆመህ ታነብለታለህ። አርጩሜውን ራሱ ከጓሮ ቆርጦ ያመጣልሃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «ያዢልኝ» ትላለህ፤ እኔም ቁርጭምጭሚቱን እይዝልሃለሁ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ከመጽሐፍ ጋር እንዴት ትከራከር? ብቻ፣ ምናልባት እንዲህ የሚል ነገር የለም፣ ምናልባት ከራሱ እየጨመረ ነው የምትል ተስፋ ሆዴ ውስጥ ነበረችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያቆየችኝ እሷ ናት።

ባለፈው ጾም ጣቴን ከመስመር መስመር እየጎተትሁ ፈለግሁት። አለ። አልጨመርህም፣ አልቀነስህም። መጽሐፉን ከድኜ፣ ምነው ባልተማርሁ አልሁ።

ደሴ ወጥቼ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «ተግሣጽ ማለቱ ነው ልጄ፤ ተግሣጽ ደግሞ በአፍም ይሆናል» አሉኝ። «ታዲያ አባቴ፣ ያኔ ቤታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ የልጁን እግር ሰንበር እያዩ ምነው ዝም አሉን?» አልኋቸው። «እኛም በአለንጋ ነው ያደግነው» ብለው መስቀል አሳለሙኝ።

እውነታቸውን ነው። በተጋባን ሰሞን ጀርባህን ሳሽልህ የየኔታ አለንጋ የተወውን ጠባሳ በጣቴ አግኝቼዋለሁ። እናትህ ለየኔታ ስታስረክብህ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ማለቷን እየሳቅህ ነገርኸኝ። ሳቅህ መሀል ላይ ድምፅህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ለዚያ ልጅ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፣ ደምሴ። አንተ ግን ለምን አላዘንህለትም?

ማንበቤን አልተውሁም። ልጆችን ወደ ጌታ ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ እንደ ከለከሉ ደረስሁበት። ጌታ ተቆጣ ይላል። የተቆጣው በልጆቹ አይደለም፣ በትልልቆቹ ነው። ከዚያ አቀፋቸው፣ እጁን ጭኖ ባረካቸው። ይህን ገጽ አንድ ቀን እንኳ ቆመህ አንብበህልን አታውቅም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ብሌን ሰንበት ትምህርት ቤት ሄድሁ ብላ ጎረቤታችን ዘሐራ ግቢ ከልጅ ልጇ ጋር ገመድ ስትዘል ዋለች። ዋሽታለች፣ አልክድም። ተስፋዬ ፊቱ አቆማትና መጽሐፍህን ከፈተ፤ በአንተ ድምፅ አነበበ። ከሰሉን አቀጣጥሎ በርበሬ ዘገነበት፤ ጋቢውንም አነሣ። «እማዬ፣ ያዢልኝ» አለ።

ያዝሁ።

ያን ሁሉ አንብቤ፣ ያን ሁሉ አልቅሼ፣ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። ጋቢ ውስጥ ሸፍኖ ሲያጥናት እግሯ በመዳፌ ውስጥ ይንፈራገጥ ነበር። ሳሏ ግቢውን ሞላው። ዘሐራ የቆርቆሮ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «ተስፋዬ! ልጅቱን ድልህ ልታደርጋት ነው? ወላሂ አገር እጠራብሃለሁ! አንቺስ ይመናሹ፣ አንቺ ትልቋ ሰው!» አለች። የለቀቅሁት ያኔ ነው።

ተስፋዬን «ይብቃህ፣ መጽሐፉ ሌላም ገጽ አለው» አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማዬ፣ አባዬ ባይገርፈኝ ኖሮ ዛሬ ሰው እሆን ነበር? ቅቤ እየቀባሽኝ፣ 'ስለሚወድህ ነው' ስትይኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ? ያኔ እውነት ከነበረ ዛሬም እውነት ነው። ካልተስማማሽ ደሴ ቤትሽ አለልሽ።»

ልክ ነው፤ ብያለሁና። አንተ መትተህ ስትወጣ እኔ ቅቤ ይዤ እገባ ነበር። አንተ ያቆሰልኸውን ብቻ አይደለም ያሸሁት፤ ልጁ መናደድ እንዳይችልም አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ የአንተ ነው ብዬ ጀመርሁ፤ ድርሻህን አልቀንስልህም። የእኔን ግን ከአንተ ድርሻ ሥር ልደብቀው ብል እንቢ አለኝ።

ብሌንን ወደ ቧንቧው ወስጄ ዓይኗን አጠብኋት። የዓይኗ ቆብ አብጦ መግለጥ አቅቷት ነበር። አፌን ከፈትሁ። ምን ልላት እንደነበር ታውቃለህ። እሷ ቀደመችኝ።

«ስለሚወደኝ ነው አይደል፣ እማማ?»

ባለፈው በቀበቶ ሲመታት የነገርኋት እኔው ነኝ። አሁን ግን ያን ቃል አልደገምሁትም። ጠበቀችኝ። ውኃው ይፈሳል፣ እሷ ትጠብቃለች። ዓይኗን ማጠቤን ቀጠልሁ። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ አታውቅም። ስጠራት ትመጣለች፤ እንደ ሎሌ ራቅ ብላ ትቆማለች።

ምን ላድርግ ደምሴ? ብጣላው ደሴ ይሰደኛል፤ ያኔ ከእሷ ጋር ማን አለ? ብቀመጥ ደግሞ ያዢልኝ ይለኛል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ እጄን አላምነውም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የለመደውን ነው የሚያውቀው።

አልረሳህም። ተዝካርህን አውጥቻለሁ፣ ስምህንም በጸሎት አነሣለሁ። ሌማትህ ለለማኝ ክፍት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ አርጩሜህንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን በሌላው አልሸፍንም። ደሴ ቢሰደኝም፣ ኮምቦልቻ ብቀርም፣ ከእንግዲህ የተመታን ልጅ ዓይን እያጠብሁ «ስለሚወድሽ ነው» አልልም።