ለመስቀል የተቀጠረ ጥያቄ

ጳጉሜን 2፣ ወልቂጤ

ዛሬም ያው ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ላይብረሪ አናደደኝ። የአንድ ፈርኒቸር ቤትን ትዕዛዝ ከደንበኛ ከመቀበል እስከ ማስረከብ የሚመራ ፕሮግራም የምሠራበት ነው። የፈርኒቸር ቤቱ ባለቤት እስኪያጸድቅ ትዕዛዙ ይቆማል፤ ካጸደቀ በኋላ ግን ንቅንቅ አይልም። የላይብረሪው መመሪያ ለዚህ ስለተሠራው ሜተድ፣ ማለትም ስለ ኮዱ ክፍል፣ የሚለው "የቆመ ሥራን ያስቀጥላል" ብቻ ነው። እንዴት? ምን ስሰጠው? የጻፈውን ሰው ባገኘው!

ሂሩት እዚህ አብራኝ ስትሠራ እንዲህ ሲገጥመኝ ወንበሯን ጎትታ ትመጣና የላይብረሪውን ኮድ ራሱን ከፍተን እናነብ ነበር። አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ወንበሯ ላይ ካርቶን ተጭኖበታል። ጠዋት ደወልኩላት።

"አንተ፣ ዛሬም እሱው ላይ ነህ?" ብላ ሳቀች። "ይኼ በስልክ አይሆንም። ለመስቀል አገሬ ቸሃ ስገባ ወልቂጤ እወርዳለሁ፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አሳይሃለሁ።"

ከሰዓት በኋላ የላይብረሪውን ኮድ ብቻዬን ሳነብ ገባኝ። ሜተዱ ትዕዛዙ ሲቆም የተሰጠውን መለያ ቁጥር መልሶ ይፈልጋል፤ ይኼው ነው። ሰጠሁት፤ ትዕዛዙ ሄደ።

"ተሳካ" ብዬ ጻፍኩላትና፣ ጥያቄው ለመስቀል ይቆይ ብዬ ሳልልከው አጠፋሁት። ካርቶኑን ግን ከወንበሯ ላይ አነሳሁ።