በቀይ ያረምኩት ደብዳቤ

ሚጣዬ፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። የፈቃድ ደብዳቤሽን በንጹህ ወረቀት ገልብጬዋለሁ፤ በጠዋቱ ለአለቃሽ አድርሺው። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ሳትበዪ እንዳትሄጂ።

ትናንት "እንግሊዝኛዬን እዪልኝ" ስትዪኝ፣ "ሲሪየስ ኢል" ያልሽውን "ሲሪየስሊ ኢል" ብዬ በቀይ አረምኩት። "ከአስተማሪ ጋር እየኖርሽ እንዲህ ይጻፋል?" ብዬም ሳቅኩብሽ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ።

ዐይኔ ስህተት ብቻ ሲፈልግ ነበር። ዛሬ ስገለብጠው ነው ያስተዋልኩት፤ በጠና የታመሙት እናትሽ ናቸው።

ምናለ ብትነግሪኝ?

ተዪው። እኔስ መቼ ጠየቅኩሽ።

በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ። መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ፤ ጠብቂኝ። መንገድ ላይ ስለ እሳቸው እንደመጣልሽ አውሪኝ።

አላርምሽም።