ላይ የቀረው መብራት

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ቀኑን ሙሉ የወፍ ጎጆ ስናፈርስ ዋልን። ለዚህ ነው የተማርኩት? ሜዳው ላይ በዘረጋነው የሽቦ መረብ፣ ሽቦና ምሰሶ በተገናኙበት ሁሉ ወፍ ሰፍሯል። ባልደረባዬን ወፎ የምንለው ከነሱ ጋር ሲጣላ ስለሚውል ነው። መሰላል ላይ ሆኖ «እነዚህ እንኳን ቤት ሠሩ፣ እኔ ይኸው ጸጉሬ እስኪሸብት ተከራይ ነኝ» ይላል። በሳቅ ገደለን።

ሰማይ ላይ ያለው ጣቢያ ፀሐይ ይሰበስባል፣ በጨረር ይልካል፣ የኛ መረብ ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። እስካሁን ሙከራ ብቻ። አለቃ የሐሙሱ ልኬት የመጨረሻው ነው አለ። ከዚያ መስመሩ ለከተማው ይለቀቃል።

ቤት ስገባ ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። የእንቁላል መፈልፈያዋ በመብራት ጦስ ከቆመ ሰንብቷል። ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ «ነይ» እያለ ይጨቀጭቃታል። እሷ ደግሞ ሥራዬን ጥዬ የትም አልሄድም ባይ ናት።

«እትዬ፣ የምርሽን ነው? እንቁላል ላስገባ?»

«አስገቢ» አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ተለካ! ከላይ ከተላከው ግማሽ ያህሉ ደረሰን። ከጠበቅነው በላይ! አለቃ ለሁላችንም ለስላሳ ገዛ። እሱ! ከኪሱ! ወፎ ጨፈረ። «ቁጥሩን እንዳለ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላኩት፣ ማሳመር አያስፈልገውም» አለ አለቃ። እንዳለ ላክነው።

ሰኞ፣ ጥር 13

እንቁላሎቹ ገቡ። መብራት በፈረቃ ነው፤ ሲሄድ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ማሽኑ ውስጥ ታስቀምጣለች። «መስመሩ እስኪለቀቅ ነው» ትላለች። ስትዘፍን ሰማኋት። ድምፅ የላትም እንጂ ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ጥር 24

ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። አለቃ ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገው። የጣቢያው መሐንዲስ ነው፣ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው።

«ግማሹ መንገድ ላይ የሚቀር ከሆነ ለምን እናወርደዋለን? ብዙ ኃይል የሚበሉትን ኮምፒውተሮቻችንን ወደ ላይ፣ ወደ ጣቢያው እንወስዳቸዋለን። ኃይሉ እዚያው በተሰበሰበበት ይሠራል።»

«ከተማውስ?» አለ አለቃ።

«ከተማውን... ወደፊት እናየዋለን።»

እኛ ግማሹ ደረሰ ብለን ስንጨፍር፣ እነሱ ግማሹ ጠፋ ብለው ያሰላሉ። ለዚህ ነው ጎጆ ያፈረስነው? ቁጥሩ ጥርት እንዲል? የሚያቃጥለኝ ደግሞ ስሌታቸው ልክ መሆኑ ነው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን... እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

አልነገርኳትም። በምን አፌ?

እሑድ፣ ጥር 26

ነገርኳት። ጀሪካን እየሞላች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም።

«እና ላይ ምን ያደርጉበታል?»

«ኮምፒውተር ያሠሩበታል።»

«ኮምፒውተር ይበርደዋል እንዴ?»

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እሷ መሙላቷን ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለም። ፈረቃውም ቀረ። ከሰል አለቀብን፣ ጎረቤት አበደረን። ተራ ገብተን ውሃ እናሞቃለን። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለነዋል። በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው። ለብ ያለ ይበቃል? ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

አልፈለፈሉም። እንቁላሎቹን እየሰበረች አየች። ጫጩቶቹ ሙሉ ናቸው፣ ላባቸው ሳይቀር... ምንቃራቸው ሳይቀር። ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እሷ በሳፋ አመጣቻቸው።

አፈር ስንመልስ «ዋሽተሽኝ ቢሆን ተጣልተን ይወጣልኝ ነበር» አለች። «አንቺ እኮ አልዋሸሽኝም፣ እትዬ። ታዲያ በማን ልናደድ?»

አካፋውን አጥቤ አስቀመጥኩ። ነገ ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ወደ ባሏ ሄደች። መናኸሪያ ሸኘኋት። «ራስሽን ጠብቂ፣ ደግሞ ብይ» አለችኝ፣ ታላቅ እሷ የሆነች ይመስል። ቤቱ ጭር ብሏል። ሁለት ሰሃን አቅርቤ አንዱን መለስኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

መረቡን አፍርሰን ጨረስን። ሽቦው ተጠቅልሎ ተጫነ። ወፎ አንድ ቃል ሳይቀልድ ዋለ።

እኔ አዲስ ሥራ ተሰጥቶኛል። ላይ የወጡትን ኮምፒውተሮች ከታች መከታተል። እምቢ ልል ነበር... ብዬስ ምን ልበላ? ቢሮው በጄኔሬተር ነው የሚሠራው። ዛሬ የመጀመሪያውን ሪፖርት ጻፍኩ፦ «ኃይል ለአፍታም አልተቋረጠም።»

እውነት ነው፣ አልተቋረጠም።

ስመለስ የሰፈሩ ሰው ደጅ ደጁ ተቀምጧል። ድሮ በዚህ መንገድ ሳልፍ «መቼ ነው መስመሩን የሚለቁልን?» የማይለኝ አልነበረም። ዳቦ ሻጯ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሕፃኑ ሳይቀር። መልስ እስኪያልቅብኝ ነበር የሚያፋጥጡኝ፤ አንዳንዴም በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ «እንዴት ዋልሽ?» አለኝ። ደህና አልኩት። ሻማውን ለኩሶ ወደ ደንበኛው ዞረ። ዳቦ ስገዛ ሻጯም ሰላም ብላ መልሴን ሰጠችኝ።

ማንም ምንም አልጠየቀኝም።